የቲቪውን ጀርባ ሳላይ ሐረጎን ወረድኩ

ሥራዬ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ጥገና ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ሞተር ስፈታና ስገጥም 11 ዓመት ሞላኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ ያለው ነገር እንዴት እንዳሳፈረኝ እንዲገባችሁ ነው።

እህቴ ከጅዳ ስትመለስ ሆም ቲያትር ይዛ መጣች፤ አምስት ትንንሽ ስፒከርና አንድ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ሳጥን። ቆየት ያለ ዕቃ ነው፣ ግን ሲያጓራ ጎረቤት ያስነሳል። የቀረን ቲቪ ነበር። ቅዳሜ ደሴ ወጣሁና ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁ። መብራት ጠፍቷል። 43 ኢንቹን በጄኔሬተር ለሁለት ደቂቃ አበሩልኝ፤ ምስሉ ጥርት ያለ ነው።

«ሆም ቲያትር አለኝ፣ ይገጥማል?» አልኩ።

«አብሽር ወንድሜ፣ ወላሂ የሌለው ነገር የለም!»

ካርቶኑ ላይ «3 ኤችዲኤምአይ» የሚለውን፣ ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ማለት ነው፣ አየሁና ረካሁ። ለካርቶኑ የአንድ ሰው ሒሳብ ከፍዬ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ እንደ ሕፃን አቅፌው ወረድኩ።

ማታ ነው ጉዱ የመጣው። የእህቴ ዕቃ ጀርባ ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ አንድ ነው፤ እሱም መውጫ። ከራሱ ዲስክ ማጫወቻ ምስል ወደ ቲቪ ይልካል እንጂ የቲቪውን ድምፅ አይቀበልም። ድምፅ የሚቀበለው በኦፕቲካል፣ ማለትም ድምፅን በብርሃን በሚያሳልፈው ገመድ፣ ወይም በቀይና ነጭ ገመድ ብቻ ነው። ቲቪው ደግሞ ኦፕቲካል የለውም፣ የቀይና ነጭ መውጫም የለውም። ሦስቱም ኤችዲኤምአይ መግቢያ ናቸው። አንደኛው ጎን ኤአርሲ የሚል ተጽፏል፤ በዚያው ገመድ ድምፁን መልሶ ወደ ስፒከሩ መላክ የሚችለው እሱ ነው። ግን ኤአርሲ በ2009 እ.ኤ.አ. ኤችዲኤምአይ 1.4 ከሚባለው እትም ጋር የመጣ ነገር ነው፣ ሁለቱም ዕቃዎች ካላወቁት አይሠራም። የእህቴ ዕቃ አያውቀውም።

በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ሞከርኩ፤ ከትንሿ ጃክ ወደ ቀይና ነጭ የሚሄድ ገመድ ነበረኝ። ድምፅ ወጣ፣ ግን ቀኝና ግራ ብቻ። የኋላዎቹ ስፒከሮች ዝም። ባለቤቴ ቡናውን እየቀዳች፣ «ፋብሪካውን የሚጠግነው ይኼ ነው!» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ሰኞ መልሼ ሐረጎን ወጣሁ። ባለሱቁ ፊቱ ቢጠቁርም ልዩነት አስከፍሎ ለወጠልኝ። በዚህኛው ጊዜ የሆም ቲያትሩን ጀርባ በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ የዲሽ ሪሲቨሬንና ገመዱን በፌስታል ይዤ ነበር። ሱቁ ውስጥ ሰው ሁሉ ከፊት ቆሞ ስክሪን ያያል፣ እኔ ከኋላ በርከክ ብዬ በስልክ መብራት ፊደል አነባለሁ። አንድ ጎረምሳ የጠፋብኝን ሊያፋልገኝ መጣ።

አንድ ነገር እዚያው ተከራከርን። ሻጩ «ዲሽ በቀጥታ ይቀበላል» አለኝ። ቀዳዳው ግን ልሙጥ ነው፤ ልሙጡ የአንቴና ነው፣ የዲሹ ገመድ ጥርስ ባለው ተሽከርክሮ ነው የሚታሰረው። ጥርስ ያለው ከሌለ ሪሲቨር የግድ ነው፣ ሪሲቨሩ ደግሞ አንዱን ኤችዲኤምአይ ይበላል። ቤታችሁ ያለውን ዕቃ በጣታችሁ ቁጠሩ፤ የእኔ ሪሲቨር፣ ሆም ቲያትርና የልጁ ጌም ሆኖ ሦስቱም አለቁ።

ግድግዳ ላይ ለምትሰቅሉ፣ ሶኬቶቹ ወደ ጎን የዞሩ ይሁኑ፤ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ የወጡ ከሆኑ ገመዱ ከግድግዳው ጋር ተጨቁኖ ይታጠፋል። ፎርኬ የሚባለውን በጣም ጥርት ያለ ምስል የምትፈልጉም፣ በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳልፈው ከኤችዲኤምአይ 2.0 ጀምሮ ነው፣ 1.4 በ30 ያበቃል። እኔን ይህ አላስጨነቀኝም፤ ቤቴ ውስጥ የፎርኬ ነገር የለም።

አዲሱ ቲቪ ኦፕቲካል አለው። ያቺን ቀይ ብርሃን ከቀዳዳዋ ሳያት እንደ ልጅ ነው የሳቅኩት። አሁን አምስቱም ይሠራሉ፤ በቀደም ፊልም ላይ በር ሲንኳኳ እናቴ ከኋላዋ መስሏት «ማነው? ግቡ!» አለች። ከዚያ ወዲህ የግራውን የኋላ ስፒከር ወደ ግድግዳ አዙራ የአበባ ማስቀመጫ ደርባበታለች፤ እኔም አልነካሁትም።