የጥጃው ዲኤንኤ

ዛሬ ከእንቅልፌ ከነቃሁ ጀምሮ ሆዴ ባር ባር ሲለኝ ዋለ። ላብራቶሪ የገባሁት ቤት መቀመጥ ስላስጠላኝ እንጂ የቸኮለ ሥራ ኖሮኝ አልነበረም። ላብራቶሪ ያለችው ልጅ «ምነው ፊትሽ?» ስትለኝ «እንቅልፍ ነው» ብዬ አለፍኳት።

ባለፈው ሳምንት ከሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ከአይሶናያዚድ የሠራሁትን ውሁድ፣ ሃይድራዞኑን፣ በትኩስ ኢታኖል አሟሟሁና የመዳቡን ጨው፣ የኮፐር አሲቴቱን ብጥብጥ ጠብታ በጠብታ ጨመርኩበት። ፈዛዛ ቢጫው ፈሳሽ አረንጓዴ ሆነ። ስንቴ አይቼዋለሁ፣ ዛሬም ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

አይሶናያዚድ ለእኔ ከጠርሙስ የሚቀዳ ዱቄት ብቻ አይደለም። እህቴ ስድስት ወር ሙሉ በየማለዳው በባዶ ሆዷ ውጣዋለች። ሽንቷን ብርቱካናማ የሚያደርገው አብሮት የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ነበር፤ እኛ ግን ያኔ ይህን አናውቅም፣ ደም መስሎን ደንግጠናል። አይሶናያዚድን ፕራግ ውስጥ ማየርና ማሊ የተባሉ ኬሚስቶች የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ሳንባ ነቀርሳን እንደሚያድን የታወቀው ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ። አርባ ዓመት ሙሉ መድኃኒቱ ነበረ፣ ማንም በሽታው ላይ አልሞከረውም። በነዚያ ዓመታት ያለቀውን ሰው ሳስብ የራሴን ጠርሙሶች አንድ በአንድ ማየት እጀምራለሁ። ፈንገስ ላይ መሞከር የጀመርኩትም ከዚህ ጭንቀት ተነስቼ ነው።

ካንዲዳ በተባለው ፈንገስ ላይ የሠራሁት ሙከራ ጥሩ ነው የሄደው። ፔትሪ ዲሹን ስከፍተው የእርሾ ሽታው ወጣ። ማሟሟያውን፣ ዲኤምኤስኦን፣ ብቻ የጠጣው የወረቀት ዲስክ ጫፍ ድረስ ፈንገሱ ነጭ ሆኖ በቅሏል፤ የመዳቡ ጨው ብቻውን ያለበት ዙሪያ ጠባብ ቀለበት አለ፤ የአረንጓዴው ውሁዴ ዙሪያ ግን 14 ሚሊ ሜትር ጥርት ያለ፣ ፈንገስ ያልበቀለበት። የታወቀው የፈንገስ መድኃኒት ፍሉኮናዞል ግን አሁንም ይበልጠዋል።

ከሰዓት ወደ ዲኤንኤው ዞርኩ። ታይመስ ከሚባለው የጥጃ ዕጢ የወጣ ነው፣ ሲያዩት ነጭ የጥጥ ፈትል ይመስላል። አሲድነቱ በማይለዋወጥ ብጥብጥ (በፈር) ውስጥ ቀስ ብሎ እስኪሟሟ ሌሊቱን ማቀዝቀዣ ያድራል፤ አጥብቀው ከናጡት ይበጣጠሳል። የውሁዱን መጠን ሳልለውጥ ዲኤንኤውን በማይክሮ ሊትር እየጨመርኩ፣ አምስት አምስት ደቂቃ እየጠበቅኩ ውሁዱ የሚውጠውን ብርሃን ለካሁ። በጨመርኩ ቁጥር ግራፉ ዝቅ አለ፣ ጫፉም በትንሹ ወደ ቀዩ ብርሃን ወገን ሸሸ። ውሁዱ ዲኤንኤውን ይዞታል ማለት ነው። ደስ አለኝ፣ እልል ማለት ቀረኝ።

ደስታው የመለኪያውን ብልቃጥ፣ ኪቬቱን፣ እያጠብኩ ሳለ ተወኝ። የያዘው የጥጃ ዲኤንኤ ነው። የካንዲዳ አይደለም። ቢሆንስ? የካንዲዳውም፣ የጥጃውም፣ የእህቴም ዲኤንኤ የተሠራው ከነዚያው ከአራቱ ፊደላት ነው፣ ጠመዝማዛው አንድ ነው። ፈንገስ ደግሞ ከባክቴሪያ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል፤ እንደኛው ህዋሱ ኒውክሊየስ አለው። ፍሉኮናዞል የሚያጠቃው የፈንገሱን ህዋስ ሽፋን የሚያቆመውን የኤርጎስትሮልን አሠራር ነው፣ የኛ ህዋስ ሽፋን የቆመው በኮሌስትሮል ነው። አይሶናያዚድም የሚያጠፋው የባክቴሪያው ግድግዳ የሚሠራበትን ቅባት፣ የማይኮሊክ አሲድን፣ ሥራ ነው፤ እኛ እሱ የለንም። መድኃኒቱ ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል ጉበቷን እየተመረመረችም ቢሆን እህቴን ያተረፋት ያ ልዩነት ነው። ፍሉሳይቶሲን እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ለካንሰር ተሠርቶ ያልሆነለት፣ በኋላ የፈንገስ መድኃኒት ሆኗል። ወደ መርዝነት የሚለውጠው ኢንዛይም ፈንገሱ ውስጥ አለ፣ የኛ ህዋስ ውስጥ የለም።

የኔ አረንጓዴ ግን በምን ይለየናል? መዳቡን ጨምሬ አይሶናያዚዱን ሳስረው ያን ለይቶ የመምታት ችሎታውን ነጥቄው ይሆን? ወይስ ፈንገሱን የሚገድለው ዲኤንኤውን በመያዝ አይደለም፣ እኔ ነኝ ሁለቱን ውጤት በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጬ ያዛመድኳቸው?

መምህሬ ግራፉን አይተው «ትስስሩ ጠንካራ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ጻፊው» አሉኝ። ቁጥሩን አስልቼዋለሁ፣ ደብተሬ ላይ አለ። አሁን እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው፤ ከአጠገቡ «ጥሩ» የሚለውን ቃል ልጽፍ እስክሪብቶዬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ጥሩ ለማን?