የመጠጥ ውሃችንን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ማከም፦ እንዴት እንዳደረግሁትና የተማርኩት

ለኩሽናችን የአልትራቫዮሌት መብራት፣ ማለትም ለዓይን በማይታይ ብርሃን በውሃ ውስጥ ያሉ ተሕዋስን የሚጎዳ መብራት፣ ከመፈለጌ በፊት ውሃውን ላቦራቶሪ አስመረመርኩ። የምንጠጣው ከጉድጓድ በፓምፕ የሚወጣ ውሃ ነው። ለዓይን ኩልል ያለ ነው፤ ጣዕሙም አይነቀፍም። ነገር ግን ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ከቤታችን አልጠፋ ስላለ ጥርጣሬዬ ወደ ውሃው ዞረ።

የውጤቱ ወረቀት ሁለት ዓይነት ነገር ይዞ መጣ። በአንድ ወገን ሕይወት ያላቸው፦ ኮሊፎርም ባክቴሪያዎችና ከእነርሱ መካከል ኢ ኮላይ። በሌላው ወገን በውሃው የሟሙ፦ ብረት፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ናይትሬት። ይህን ክፍፍል ሳይለዩ መሣሪያ መግዛት ገንዘብን መበተን ነው፤ አልትራቫዮሌት የሚሠራው ሕይወት ባላቸው ላይ ብቻ ነውና። ናይትሬትን፣ ፍሎራይድን፣ አርሴኒክን፣ እርሳስን ወይም ጨውን ቅንጣት ታህል አይቀንስም። የእኛ ናይትሬት የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን፣ ማለትም በሊትር ከ50 ሚሊግራም በታች ነበር። ከዚያ ቢበልጥ ኖሮ ሌላ ዓይነት መሣሪያ ወይም ሌላ የውሃ ምንጭ መፈለግ ግድ ይሆንብን ነበር።

ኢ ኮላይ በ100 ሚሊሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም፤ ከተገኘ የሰው ወይም የእንስሳ ዓይነ ምድር ወደ ውሃው መንገድ አግኝቷል ማለት ነው። ስለዚህ በቅድሚያ የጉድጓዱን አፍ አሳደስን፣ ክዳኑን አጠበቅን፣ ጎርፍ በሌላ አቅጣጫ እንዲወርድ ቦይ አስቆፈርን። የሚገባውን ቆሻሻ ሳያቆሙ መብራት መትከል ማለቂያ የሌለው ሥራ ነው።

ለምን ብርሃንን መረጥሁ? ማፍላት አስተማማኝ ነው፤ ሆኖም ለቤተሰብ የሚበቃ ውሃ በየቀኑ ማፍላትና ማቀዝቀዝ ማገዶም ጊዜም ይበላል፤ ሰው ሲደክመው ደግሞ አንድ ቀን ሳያፈላ ይጠጣል። ክሎሪን ርካሽ ነው፤ በውሃው ውስጥ ቆይቶ መጠበቁም ትልቅ ጥቅሙ ነው። ይሁን እንጂ ክሪፕቶስፖሪዲየም በሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ፊት አቅም ያንሰዋል፤ ተሕዋሱ የተሸፈነበት ቅርፊት ለመጠጥ ውሃ በሚፈቀደው የክሎሪን መጠን አይበገርም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ ይኸው ተሕዋስ በታከመ የቧንቧ ውሃ ውስጥ አልፎ 400 ሺህ ያህል ሰዎችን አሳምሟል።

አልትራቫዮሌት ለውሃ ሥራ አዲስ አይደለም፤ በፈረንሳይ ማርሴይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1910 ጥቅም ላይ ውሎ ነበር። ሚዛኑን የቀየረው ግን ክሎሪን ያቃተውን ክሪፕቶስፖሪዲየም አነስተኛ የአልትራቫዮሌት መጠን እንደሚያሸንፈው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ መታወቁ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሰንጠረዥ የተሕዋሱን 99.9 በመቶ ከጥቅም ውጪ ለማድረግ በካሬ ሴንቲሜትር 12 ሚሊጁል (የብርሃን ጉልበት መለኪያ)፣ ጃርዲያ ለሚባለው ሌላ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ደግሞ 11 ሚሊጁል እንደሚበቃ ያስቀምጣል። ይህን ሳነብ ልቤ ቆረጠ።

አሠራሩን መረዳት በኋላ ለሚመጣው ውሳኔ ሁሉ ጠቅሞኛል። በቤት ውስጥ መሣሪያዎች ላይ የተለመደው አነስተኛ ግፊት ያለው የሜርኩሪ መብራት ዋናውን ብርሃኑን የሚሰጠው በ254 ናኖሜትር ነው፤ ይህም የተሕዋስ ዲኤንኤ፣ ማለትም የዘር መረጃውን የያዘው ክፍል፣ አብዝቶ ከሚመጠው የሞገድ ርዝመት አጠገብ ያርፋል። ዲኤንኤው ብርሃኑን ሲመጥ ጎን ለጎን ያሉ ታይሚን የተባሉ ክፍሎቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። እንዲህ የተጣበቀ ዲኤንኤ ራሱን መገልበጥ ይሳነዋል። ተሕዋሱ ወዲያው ላይሞት ይችላል፤ ነገር ግን መባዛት ካልቻለ ሆድ ውስጥ ቢገባም አያሳምምም። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ቀላል ጉዳትን መጠገን ስለሚችሉ ግን ለክፉ ቀን ብሎ የብርሃኑን መጠን ጨመር ማድረግ ተገቢ ነው።

መጠኑ የብርሃኑ ጥንካሬ በቆይታው ጊዜ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ውሃው በእጥፍ ፍጥነት ካለፈ የሚደርሰው መጠን በግማሽ ይወርዳል። ሻጮችን ሳነጋግር ያበሳጨኝ ይህ ነው፦ ሁሉም የመብራቱን ዋት ይነግሩኛል። ዋት ስለ መብራቱ ይናገራል፤ ውሃው ምን ያህል ብርሃን እንዳገኘ ግን አይናገርም። እኔ እደጋግም የነበረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «መብራቱ አርጅቶ ሊቀየር በተቃረበበት ጊዜ፣ በደቂቃ ስንት ሊትር ሲያልፍ ስንት ሚሊጁል ይሰጣል?» ይህን በጽሑፍ መመለስ ያልቻለውን ሁሉ ተውኩት። ኤንኤስኤፍ 55 በሚባለው የአልትራቫዮሌት ውሃ ማከሚያ መሣሪያዎች መስፈርት ክፍል ሀ የሚባለው መሣሪያ ቢያንስ 40 ሚሊጁል መስጠት አለበት፤ ባክቴሪያ ላለበት ውሃ የታሰበውም እርሱ ነው። ክፍል ለ ቀድሞ ለታከመና ለመጠጥ ደህና ለሆነ ውሃ ተጨማሪ ጥንቃቄ ብቻ ነው። ዋጋው ስለሚቀንስ ብዙ ሰው ይመርጠዋል፤ ኢ ኮላይ ለተገኘበት ጉድጓድ ግን አይሆንም። አዴኖ ቫይረስ የተባሉት ጠንካራ ቫይረሶች ከ40 እጅግ የበለጠ መጠን እንደሚፈልጉም ማወቅ ይገባል።

ከገንዘቤም ከድካሜም አብዛኛውን የወሰደው ከመብራቱ በፊት ያለው ክፍል ነው፤ እንዲያውም ሥራው ሁሉ እዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ብርሃን የሚሠራው በደረሰበት ብቻ ነው። በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አፈር ባክቴሪያውን ዛፍ ሥር እንደቆመ መንገደኛ ከጨረሩ ያስጠልለዋል። የሟሟ ብረትና ከበሰበሰ ቅጠል የሚመጣ ቡናማ ቀለም ደግሞ ውሃው ለዓይን ጥርት ብሎ ሳለ አልትራቫዮሌቱን ይውጡታል። ስለዚህ «ውሃዬ ንጹሕ ይመስላል» ማለት እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። ላቦራቶሪው ብርሃኑ በውሃው ውስጥ በመቶ ስንት እንደሚያልፍ እንዲለካ መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙ አምራቾች ቢያንስ 75 በመቶ ይፈልጋሉ። ከዚያም ድፍርስነቱ ከ1 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ) እንዳያልፍ፣ ብረት በሊትር ከ0.3 ሚሊግራም፣ ማንጋኒዝ ከ0.05፣ የውሃው ጥንካሬ፣ ማለትም የሟሟው ካልሲየምና ማግኒዥየም ብዛት፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ ከ120 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ያዝዛሉ።

የእኛ ውሃ በብረትም በጥንካሬም ከወሰኑ ያልፍ ነበር። በመጀመሪያ ብረት የሚያስቀር ማጣሪያ፣ ቀጥሎ ውሃውን የሚያለሰልስ መሣሪያ፣ ቀጥሎ የ20 ከዚያም የ5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የደለል ማጣሪያ በተርታ ተተከሉ። ከእነዚህ በኋላ ሽታን የሚወስድ የካርቦን ማጣሪያ ገባ። መብራቱ ከሁሉም በኋላ ነው። ካርቦን ባክቴሪያ የሚራባበት ሰፊ ገጽ ስላለው ከመብራቱ በኋላ ከተቀመጠ የታከመውን ውሃ መልሶ ሊበክለው ይችላል። ተከላውን ለሌላ ሰው የሚተው ቢኖር እንኳ ይህን ቅደም ተከተል በዓይኑ ያረጋግጥ።

መሣሪያውን ለመላው ቤት ወይስ ለመጠጥ ቧንቧው ብቻ የሚለው ጥያቄ ጥቂት አከራክሮናል። ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ብቻ አደረግነው። ትንሽ የውሃ ፍሰት በትንሽ መብራት በቂ መጠን ያገኛል፤ ከመብራቱ እስከ መቅጃው ያለው ቧንቧም ያጥራል።

ተከላው ራሱ ቀላል ነበር። ከማይዝግ ብረት የተሠራው ሲሊንደር ግድግዳው ላይ በቁሙ ታሰረ፤ መብራቱ ሲቀየር ተስቦ እንዲወጣ ከላይ የርዝመቱን ያህል ባዶ ቦታ ተተወ። ከፊትና ከኋላ መዝጊያ ቫልቭ፣ ከመግቢያው በፊት የፍሰት መቀነሻ፣ ከመውጫው አጠገብ ደግሞ ናሙና መቅጃ ትንሽ ቧንቧ አስገባን። ይህች ትንሽ ቧንቧ ምን ያህል እንደጠቀመችኝ በኋላ እመለስበታለሁ። መብራቱ ውሃውን አይነካም፤ ኳርትዝ በሚባል ጠርሙስ መሰል ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል። ተራ መስታወት ይህን ብርሃን ስለሚያግደው ቱቦው ቢሰበር በተራ መስታወት መተካት አይቻልም። ቱቦውንም መብራቱንም በጓንት ብቻ ይዘናል፤ የጣት ቅባት ገጹ ላይ ሲቀር ብርሃኑን ይቀንሳልና። መጀመሪያ ቱቦው ብቻ ገብቶ ውሃ ተለቀቀበት፤ የጎማ ማሸጊያው እንደማያንጠባጥብ ከታየ በኋላ መብራቱ ገባ፣ ከዚያ ብቻ ኤሌክትሪኩ ተሰካ። የበራ መብራትን ከሽፋኑ ውጪ በዓይን ማየት ብሌንን ይጎዳል፤ ቆዳንም ያቃጥላል። በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ብርሃን በውሃው ውስጥ የሚያስቀረው ነገር የለም። ጣዕም አለመለወጡ ከዚህ የመጣ በጎ ጎኑ ነው፤ ድካሙም ከዚያው ይመጣል። ውሃው ከሲሊንደሩ ከወጣ በኋላ የሚጠብቀው የለም። ስለዚህ መሣሪያውን ሥራ ከማስጀመር በፊት የካርቦኑንና የደለሉን ማጣሪያዎች ከቤታቸው አውጥተን ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና በቧንቧው ውስጥ አስገባን፤ መቅጃው ላይ የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ከፍተን፣ ዘግተን አሳደርነው፤ ጠዋት ሽታው እስኪጠፋ አፈሰስነው። ከዚያ ናሙና ተወሰደ። ከሲሊንደሩ አጠገብ ካለችው ትንሽ ቧንቧ የተቀዳው ውሃ ምንም ኮሊፎርም አልነበረበትም። ከኩሽናው መቅጃ የተቀዳው ግን ነበረበት። ሁለቱ ናሙናዎች ጎን ለጎን ባይኖሩ ኖሮ መሣሪያው አልሠራም ብለን እንመልሰው ነበር። ችግሩ የኩሽናው መቅጃ ጫፍ ላይ የምትታሰረው ወንፊት ነበረች፤ ፈትተን ስናያት ውስጧ አንሸራታች ሽፋን ይዟል። ወንፊቷ ተጣለች፣ መቅጃው ተቀየረ፣ ቧንቧው ዳግመኛ በበረኪና ታጠበ፤ ቀጣዩ ውጤት ከሁለቱም ቦታ ንጹሕ ሆነ። የታከመውን ውሃ የምናስቀምጥበት ዕቃም ክዳን ያለውና ከታች መቅጃ ያለው እንዲሆን ያደረግነው ከዚያ በኋላ ነው፤ እጅና ኩባያ ውስጡ አይገቡም።

ኳርትዙን ለመጀመሪያ ጊዜ ለጽዳት ሳወጣው ላዩ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ነበረው። ወደ ብርሃን ሳዞረው ጭጋግ ይመስላል፤ በጓንት ስዳስሰው ደቃቅ አሸዋ ያለበት ያህል ይሻክራል። የመብራቱ ሙቀት ከውሃው ያወጣው ኖራ ነው፤ ማለስለሻ መሣሪያ ባለበት ቤት እንኳ ጥቂት ጥቂት ይጠራቀማል። ኮምጣጤ ውስጥ በተነከረ ለስላሳ ጨርቅ ጠቅልዬ ትንሽ አቆየሁትና ሲጠረግ ተገፎ ወጣ። በሻካራ ነገር መፈተግ ቱቦውን ስለሚጭረው አይገባም። ይህ ሽፋን በብርሃኑና በውሃው መካከል የተዘረጋ መጋረጃ በመሆኑ መብራቱ አዲስም ቢሆን ጥቅሙን ያጠፋዋል።

መብራቱ ደግሞ 9,000 ሰዓት ያህል፣ ማለትም አንድ ዓመት ያገለግላል። ከዚያ በኋላም ሰማያዊው ቀለም ይታያል፤ የሚታየው ቀለም ግን ተሕዋስን የሚጎዳው ብርሃን አይደለም። ተሕዋስን የሚጎዳው ለዓይን የማይታየው ነው፤ እርሱም ቀስ በቀስ ይደክማል። «እየበራ ነው» ብለው ለዓመታት ሳይቀይሩ የሚጠቀሙ ሰዎች እንዳሉ ሳይ እጨነቃለሁ፤ ልጆች የሚጠጡት ውሃ ነው። እኔ የተተከለበትን ቀን ሲሊንደሩ ላይ ጽፌ ለጥፌአለሁ። ለመቆጠብ ብሎ በየጊዜው ማብራትና ማጥፋትም የመብራቱን ዕድሜ ያሳጥረዋል፤ ሁልጊዜ እንደበራ ይተዋል። ሌሊቱን ቆሞ ያደረው ውሃ ሞቅ ብሎ ስለሚወጣ ጠዋት የመጀመሪያውን ጥቂት ለዕፅዋት እናውለዋለን። ያረጀው መብራት በውስጡ ሜርኩሪ ስላለው ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ ሳይሰበር ተጠቅልሎ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበል ይሰጣል።

ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ውሃው ሳይታከም ያልፋል፤ ማንም ሳያውቅ ደግሞ ይጠጣል። ለዚህ ያገኘሁት መፍትሔ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ራሱን የሚዘጋ ቫልቭ ነው፤ ኃይል ሲመለስ መብራቱ እስኪሞቅ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ይከፍታል። ኃይሉ ለረዥም ጊዜ ከጠፋ ቀድሞ የታከመ ውሃ በተከደነ ዕቃ አለን፤ ካለቀም እናፈላለን። ፀሐይ ባለበት ቀን ጥርት ያለ ውሃ ቀለም በሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ለ6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ማስቀመጥም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ሰማዩ ከግማሽ በላይ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን ይፈልጋል።

ከባድ ዝናብ ሲጥል የጉድጓዱ ውሃ ሊደፈርስ ይችላል፤ የደለል ማጣሪያው ቀለም ሲቀየርና የፍሰቱ ግፊት ሲወርድ መጀመሪያ የምናውቀው ከዚያ ነው። በዚያ ወቅት መብራቱን አናምነውም። ወደ ኩሽናው የሚሄደውን ቫልቭ ዘግተን የምንጠጣውን እናፈላለን፤ ውሃው ሲጠራ ማጣሪያዎቹ ይቀየራሉ፣ ኳርትዙ ይጸዳል፣ ከሁለቱም መቅጃዎች ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ቫልቩ የሚከፈተው ውጤቱ ሲመጣ ነው።