ፕሮፎርማው ለምን በዶላር ተጻፈ?

የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ጠዋት ወርጄ ማታ እወጣዋለሁ። ሥራዬ የልብስ ስፌት ማሽን መለዋወጫና ክር ከውጭ ለሚያስገባ አነስተኛ ድርጅት ግዥና ሂሳብ መያዝ ነው። ባለፈው ወር ከቻይናዋ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ከሻኦሺንግ አንድ ፕሮፎርማ ደረሰኝ። ሻጯ ቻይናዊት ናት፣ ዕቃው የተሠራው ቻይና ነው፣ ገዢው ኢትዮጵያዊ ነው፣ ጭነቱም በጅቡቲ ወደብ ተራግፎ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚገባ ነው። በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ የአሜሪካ እጅ የነካው አንድም ነገር የለም፤ ዋጋው ግን የተጻፈው በዶላር ነው።

በቻይና ገንዘብ፣ በዩዋን፣ እንድትጽፍልኝ ጠየቅኋት። ምንም ችግር እንደሌለው ነግራኝ በማግሥቱ አዲስ ፕሮፎርማ ላከችልኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ይዤ ወደ ባንክ ሄድሁ። የውጭ ንግድ ክፍሉ ሠራተኛ አገላብጦ ካየው በኋላ፣ በትሕትና፣ «ወንድሜ፣ ዩዋኑንም ቢሆን የምንገዛው እኮ በዶላር ነው» አለኝ። ያን ዕለት ማታ ወደ ደሴ ስመለስ ስለ ብሪክስ (ብራዚል፣ ሩሲያ፣ ህንድና ቻይና ስለጀመሩት የአገሮች ስብስብ) ካነበብሁትና ከሰማሁት ሁሉ ይልቅ በአእምሮዬ የቀረው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

በመሥሪያ ቤታችን የሻይ ሰዓት ክርክር ብዙውን ጊዜ «የዶላር ዘመን አብቅቷል» በሚለውና «ማንም አይነካውም» በሚለው መካከል ይወዛወዛል። የመጀመሪያዎቹ ማስረጃ የላቸውም ማለት አይቻልም። «ብሪክ» የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ2001 (ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአሜሪካው ባንክ በጎልድማን ሳክስ ኢኮኖሚስት በጂም ኦኒል ሲወጣ ለባለሀብቶች የቀረበ የትንበያ መጠሪያ እንጂ የአገሮች ኅብረት አልነበረም። አገሮቹ ስሙን ወደውት በ2009 ሩሲያ ውስጥ የመጀመሪያውን ጉባኤ አካሄዱ፤ ደቡብ አፍሪካም ተከተለቻቸው። ዛሬ የዋጋ ልዩነት ተስተካክሎ በመግዛት አቅም ሲለካ የብሪክስ አገሮች ምርት ቡድን ሰባት ከሚባሉት የበለጸጉ አገሮች ምርት ይበልጣል፣ ቻይናም ብቻዋን አሜሪካን አልፋለች። ስለዚህ ጥያቄው በምርት ከሆነ መልሱ ከተሰጠ ቆይቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ምርት ሌላ፣ ገንዘብ ሌላ መሆኑ ነው። የፋይናንስ የበላይነት ማለት የሌላ ሰው ዕዳ በምን መለኪያ እንደሚጻፍ፣ የተረፈ ሀብት የት እንደሚቀመጥ፣ ክፍያው በማን መስመር እንደሚያልፍና ጠብ ቢነሣ በማን ሕግ እንደሚዳኝ መወሰን ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ለውጡ አለ፤ ግን አዝጋሚ ነው። በማዕከላዊ ባንኮች የውጭ ምንዛሪ ክምችት ውስጥ የዶላር ድርሻ በ2000 አካባቢ ከመቶ 71 ገደማ ነበር፤ በ2024 ወደ 58 ወርዷል። ከዶላር የሸሸው ድርሻ ግን በአብዛኛው ወደ ዩዋን አልሄደም፤ የዩዋን ድርሻ ከመቶ 2 ገደማ ነው። በዓለም የምንዛሪ ገበያ ከሚደረጉት ግብይቶች መካከል በ2022 በተደረገው ቆጠራ ከመቶ 88ቱ በአንዱ ወገን ዶላር ነበረባቸው። በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ውስጥም ዋና ዋና ውሳኔዎች ከመቶ 85 ድምፅ የሚሹ ሲሆኑ አሜሪካ ብቻዋን ከመቶ 16 ተኩል ገደማ ትይዛለች፤ ማለትም እርስዋ እንቢ ካለች አይሆንም።

ከእነዚህ አኃዞች ይልቅ ለእኛ የወሎ ሰዎች የሚቀርበው ምሳሌ የሪያል ነው። ጅዳና ሪያድ እኅት ወይም ልጅ የሌለው ቤት በአካባቢያችን ጥቂት ነው፤ «ሪያል ስንት ገባ?» የሚለውም ጥያቄ ከሰላምታ ቀጥሎ ይመጣል። ብዙዎቻችን ሪያልን ከዶላር የተለየ፣ የራሱ ዕድል ያለው ገንዘብ አድርገን እናየዋለን። ነገር ግን የሳዑዲ ሪያል ከ1986 ጀምሮ በአንድ ዶላር 3.75 ሆኖ የታሰረ ነው፤ የኤምሬትስ ድርሃምም እንዲሁ የታሰረ ነው። ጅዳ ላይ ደክማ የምትልከው ልጅ የምትልከው የዓረብ ልብስ የለበሰ ዶላር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሁለቱ አገሮች ወደ ብሪክስ ሲጋበዙም ይህ ቁርኝት አልተፈታም።

አገራችን ራስዋ በአንድ ወር ውስጥ ያየችውን ነገር ሰዎች ለምን እንደማያነሡት ይገርመኛል። ወሩ ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነበር። በወሩ መጀመሪያ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 በሸጠችው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ላይ መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች፤ የእፎይታው ጊዜም በወሩ አጋማሽ አለቀ። በታኅሣሥ 22 ደግሞ የብሪክስ ሙሉ አባል ሆነች። ከሰባት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅቅና ብር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ተነሥቶ መቶን ሲሻገር፣ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ያጸደቀልን ዋሽንግተን ያለው ያው ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ነበር። የዕዳውን ማሻሻያ የሚደራደረውን የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ በጋራ የመሩት ቻይናና ፈረንሳይ ሲሆኑ የቦንዱ ውል የሚዳኘው ደግሞ በእንግሊዝ ሕግ ነው። ቻይና በወንበሩ ላይ መቀመጧ ከሃያ ዓመት በፊት የማይታሰብ ነበር። ወንበሩ የተቀመጠበት ቤት ግን ያው የድሮው ነው።

የብድሮቻችን ውል ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይጠላለፋል። የአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር መስመር በአብዛኛው የተሠራው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። ብድሩ በዶላር ነበር፤ ወለዱም ላይቦር በሚባለው የለንደን ባንኮች የወለድ መነሻ ላይ 3 ከመቶ ተጨምሮበት የሚሰላ ነበር። ቻይና አበደረች፣ በአሜሪካ ገንዘብ፣ በለንደን ዋጋ። በእኛው ከተማ አፍንጫ ሥር የሚያልፈው የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ መስመር ደግሞ ተቋራጩ የቱርኩ ያፒ መርከዚ ሲሆን፣ ከቱርክ ኤግዚም ባንክ ብድር ጎን ለጎን ዋናውን ገንዘብ ያሰባሰበው በስዊዘርላንዱ ክሬዲት ስዊስ የተመራ የባንኮች ጥምረት ነበር። ክሬዲት ስዊስ በ2023 ወድቆ በተቀናቃኙ ተገዛ፤ ሐዲዱ ግን ያው ቦርከናን ተሻግሮ ተዘርግቷል፤ ዕዳውም አለ። አበዳሪው ሲሞት ዕዳው እንደማይሞት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላየሁም።

ይህን እያሰላሰልሁ ሳለ ደሴ ላይ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት ሐጂ ዘንድ ሄድሁ። አባታቸው የጨውና የአቡጀዲ ነጋዴ ነበሩ። ሐጂ ከሳጥናቸው አንድ ጠገራ ብር አውጥተው በመዳፌ ላይ አኖሩልኝና፣ «አባቴ ቆጥሮ ነበር የሚቀበል። የሴትዮዋን የትከሻ ጌጥ ዕንቁ አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ካልሞላ አይነካትም» አሉኝ። ጠገራው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የብር ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የታተመው ሁሉ ያንኑ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት ይዞ ነው የወጣው።

የዚህ ገንዘብ ታሪክ ስለ ዶላር ለሚከራከር ሰው ትልቅ ትምህርት አለው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 በራሳቸው ምስል ፓሪስ ላይ ብር አስመቱ፤ ነፃ መንግሥት ነበሩ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ዓድዋ ላይ አሸናፊ ንጉሥ ሆኑ፤ ሆኖም የገጠሩ ገበያ ጠገራውን አልተወም። ጣሊያኖች በ1918 ለኤርትራ ጠገራን የሚመስል የራሳቸውን ገንዘብ አውጥተው ገበያው አልቀበልም አላቸው። በዚያው ዓመት የኦስትሪያ ንጉሣዊ ግዛት ራሱ ፈርሶ ከካርታ ጠፋ፤ የእርስዋ ገንዘብ ግን ደሴ ገበያ ላይ እንደ ወትሮው ከብት ይገዛ ነበር። ሙሶሊኒ አገራችንን ሲወርር የሊራውን አለመታመን ስላወቀ ማተሚያውን ከቪየና አስመጥቶ ጠገራውን ሮም ላይ አስመታ፤ እንግሊዞችም ለንደን ላይ አስመቱት። የታንክና የአውሮፕላን ባለቤቶች የሞተችውን ንግሥት መልክ ለመዋስ ተገደዱ። ጠገራው ከሕጋዊ መገበያያነት የወጣው ከነፃነት በኋላ በ1945 መንግሥት አዲስ ገንዘብ ሲያወጣ ነው፤ ያንጊዜም ገበሬውን ለማባበል የሃምሳ ሳንቲሙን ከብር ማዕድን መሥራት ግድ ሆነ። በአማርኛ «ብር» ያልነውን ይህን ገንዘብ በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ዶላር» ነበር የምንለው፤ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የዓለምን አዲስ የገንዘብ ሥርዓት ባቀደው በብሬተን ዉድስ ጉባኤ ከተገኙት 44 አገሮች አንዷ የነበረችው ኢትዮጵያ ከላከቻቸው ልዑካን መካከልም የመንግሥት ባንካችን ገዢ፣ አሜሪካዊው ጆርጅ ብሎወርስ፣ ነበሩ።

ከዚህ የምረዳው የአንድ ገንዘብ ዕድሜ ከባለቤቱ ጉልበት ዕድሜ ጋር እኩል እንዳልሆነ ነው። የፓውንድም ነገር ይኸው ነው። አሜሪካ በምርት ብሪታንያን ያለፈችው 19ኛው ክፍለ ዘመን ሳያልቅ ነበር፤ ዶላር የዓለም ገንዘብ ሆኖ የጸናው ግን ሁለት የዓለም ጦርነቶች ካለፉ በኋላ ነው። ታዲያ ቻይና አሜሪካን በምርት ማለፏ ለዩዋን ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀረው አይነግረንም።

የሐጂ አባት ዕንቁ የሚቆጥሩት ገንዘቡን ነገ ሌላ ሰው እንዲቀበላቸው ነው። ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረችና ማዕቀብ ከተጣለባት በኋላ ለህንድ ነዳጅ ሸጣ ሩፒ ስትቀበል የገጠማት ይህ ነበር፤ በ2023 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሰርጌይ ላቭሮቭ በህንድ ባንኮች የተከማቸው ቢሊዮን ሩፒ ለመጠቀም እንዳላመቻቸው በይፋ ተናግረዋል። ሁለት የብሪክስ መሥራቾች፣ የሚፈልጉት ዕቃ እያለ፣ በገንዘቡ አልተግባቡም። ሻንጋይ ያለው የብሪክስ ባንክም ጦርነቱ በተጀመረ በሳምንት ጊዜ ውስጥ በሩሲያ አዲስ ሥራውን አቆመ፤ በዓለም ገበያ ቦንድ እየሸጠ የሚኖር ባንክ የምዕራቡን የብድር ደረጃ መዳቢዎች ዓይን ችላ ማለት አይችልም። ዩዋንን በተመለከተ ደግሞ እንቅፋቱ ከቤጂንግ ውጭ አይመስለኝም። የቻይና መንግሥት ገንዘብ ከአገር በነፃነት እንዲወጣና እንዲገባ አይፈቅድም፤ አገሪቱም ከምትገዛው አብልጣ ትሸጣለች። ገንዘቡ በዓለም ሁሉ እንዲበተን የሚሻ አገር ግን፣ ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ትሪፈን በ1960 ስለ ዶላር እንዳስረዱት፣ ለዓለም የሚበቃ ገንዘብ ለማቅረብ የራሱን የክፍያ ሚዛን ማጉደል፣ ማለትም ከሚገባው አብልጦ ማውጣት፣ አለበት። ቻይና ይህን ዋጋ ለመክፈል ስትቸኩል አላየሁም።

ይህን ብዬ «ማንም አይነካውም» ከሚሉት ጋር አልቆምም። በ2022 የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ 300 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ክምችት በምዕራባውያን ሲታገድ፣ የሌሎች አገሮች ማዕከላዊ ባንኮች ሁሉ የራሳቸውን ሳጥን ከፍተው ሳያዩ አልቀሩም፤ ከዚያ ዓመት ወዲህ ለሦስት ዓመታት በተከታታይ በየዓመቱ ከ1,000 ቶን በላይ ወርቅ ገዝተዋል። በገዛ አገር የተቀመጠን ወርቅ ማንም ከሩቅ ሆኖ አያግደውም። ኬንያ በ2025 የቻይና የባቡር ብድሯን ከዶላር ወደ ዩዋን አዛውራለች፤ ምክንያቷ የዶላሩ ወለድ መወደዱ ነበር እንጂ ለቤጂንግ የተለየ ፍቅር አልነበረም። እኔ ትልቁን ለውጥ የማየው በዚህ ዓይነቱ ጸጥ ያለ የሂሳብ ሥራ ነው። ዶላርን የሚያዳክመው ከውጭ የመጣ ተቀናቃኝ ሳይሆን ባለቤቱ በዕዳና በማዕቀብ አብዝቶ መጠቀሙ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፤ ሲዳከምም ቦታውን ለአንድ ወራሽ የሚያስረክብ አይመስለኝም። ጥቂቱ ወደ ወርቅ፣ ጥቂቱ ወደ ዩዋን፣ ጥቂቱም ወደ አነስተኛ ገንዘቦች እየተከፋፈለ ይሄዳል፤ እንዲህ ያለው ገበያ ደግሞ እንደ እኛ ላለ አነስተኛ አስመጪ የምንዛሪ ሂሳቡን ያበዛበታል እንጂ አያቀልለትም።

የሻኦሺንጓ ሻጭ የሰጠችኝ የዋጋ ጊዜ 15 ቀን ብቻ ስለነበር ብዙ መመራመር አልቻልሁም፤ በመጀመሪያው የዶላር ፕሮፎርማ ኤልሲ (ባንክ ለሻጭ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና) አስከፈትሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ለእያንዳንዱ ግዥ ሁለት ፕሮፎርማ እንድትልክልኝ ጠይቄያታለሁ፤ አንዱ በዶላር፣ አንዱ በዩዋን። እስካሁን ሦስት ጥንድ በፋይሌ ውስጥ አሉ፤ በሦስቱም የከፈልሁት በዶላሩ ነው።