በላስ ቬጋስ ሐምሌ ማሞቂያ የከፈትኩት ሰውዬ እኔ ነኝ

ትናንት ማታ አንድ የሰፈር ልጅ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ጻፈልኝ። የመኪናዬን ፎቶ አይቶ ነው። «አንተ፣ አሜሪካ ገብተህም አሮጌ መኪና ነው የምትነዳው? ኤሲ እንኳን የላትም አይደል?» አልፈርድበትም። እናቴም ፎቶውን ስልክላት መጀመሪያ ያለችው «ልጄ፣ ተቸግረሃል እንዴ?» ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1969 ካማሮ ናት። 5.7 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደር። ስትነሳ ጎረቤት ይነቃል። ፈረንጆቹ ማስል ካር ይሏቸዋል፤ እውነትም ከጡንቻ በቀር ምንም የላቸውም። በዘመኑ ኤሲ የሚፈልግ ተጨማሪ ከፍሎ ነበር የሚያስገጥመው። የኔን መጀመሪያ የገዛት ሰውዬ ቆጥቧል። እኔ ደግሞ የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ክረምት ሲባል ዝናብና የበቆሎ ጥብስ ለሚታያችሁ ልንገራችሁ፦ እዚህ እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024 ሙቀቱ 48.9 ዲግሪ ገብቶ የከተማዋን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ጥቁሩ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ስትነሱ ሱሪያችሁ አብሯችሁ አይነሳም።

ስለዚህ ኤሲ አዘዝኩ። ለእንደዚህ ዓይነት መኪና ተብሎ የተሠራ አለ፤ ኮምፕረሰሩ፣ ኮንደንሰሩ፣ ቱቦው፣ ክሩስኮት ሥር የሚገባው ሣጥን፣ ሁሉም ባንድ ካርቶን ይመጣል። 1,900 ዶላር ገደማ ወጣብኝ። ገጠማው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ክሩስኮት ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ስላሳለፍኩት ጊዜ አላወራም፤ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ ያውራ። ብቻ በመጨረሻ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ አስመጥጬ፣ የግፊት ጌጁ ዝም ማለቱን አይቼ፣ 800 ግራም አካባቢ ጋዝ ሞላሁ። ቀዝቃዛው አየር ፊቴን ሲመታኝ ጋራዥ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ።

ጎረቤቴ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። መጥቶ ዞሮ ዞሮ አያትና «ኦሪጅናልነቷን አበላሸሃት» አለኝ። ላብም ኦሪጅናል መሆኑ ነው እንግዲህ። ቀጥሎ ግን ኮፋኖውን ከፍቶ «የቬንቲላተሩ ሽፋን የታለ?» ሲል ጠየቀኝ። ቬንቲላተሩን ዙሪያውን የሚከበው ፕላስቲክ ነው፤ የኔዋ ላይ ገና ስገዛትም አልነበረም። ሰማንያ ዶላር ቢሆን ነው። እኔ በሆዴ «እነዚህ ሰዎች ዕቃ መግዛት ሱስ ሆኖባቸዋል» ብዬ አለፍኩት። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ጓደኛዬ አገባ። «የሙሽራ መኪና እኔ ነኝ!» አልኩ። ማንም አልለመነኝም። አበባ ተደረገላት፣ ሪባን ተደረገላት። ባለ ሁለት በር ስለሆነች ሙሽራዋን ከነቬሎዋ ኋላ ለማስገባት ሁለት ሚዜ ገፋ። ውጭው 44 ዲግሪ፣ ውስጡ ግን ደብረ ብርሃን ነው። ጉራዬን አትጠይቁኝ።

ቀይ መብራት ላይ ቆምን። የሞተሩ ሙቀት ጌጅ ከፍ አለ። ሁለተኛው መብራት ላይ ደግሞ ጭራሽ ቀዩን ነካ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኮንደንሰሩ የሚቀመጠው ራዲያተሩ ፊት ነው፤ ከመኪናው ውስጥ የወጣው ሙቀት በሙሉ መልሶ ራዲያተሩ ላይ ይተነፍሳል። ስትነዳ ንፋስ ይገላግልሃል። ስትቆም ያለህ ቬንቲላተሩ ብቻ ነው፤ ያ ሽፋን ከሌለው ደግሞ በራዲያተሩ በኩል መሳቡን ትቶ እዚያው የሞተሩን ትኩስ አየር ያማስላል።

ሞተሩን ለማዳን አንድ የቆየ ዘዴ አለ። ሾፌር ያውቀዋል። ኤሲውን አጥፍተህ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ትከፍታለህ፤ የሞተሩ ሙቀት ወደ ውስጥ ይወጣል። ከፈትኩት።

«ወንድሜ፣ ማሞቂያ ነው እንዴ?» አለች ሙሽራዋ።

«ለሁለት ደቂቃ ነው እህቴ፣ ለሞተሩ ነው።»

ሜካፑ አገጯ ላይ ደረሰ። ጓደኛዬ በመስታወቱ ያየኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከኮፋኖው እንፋሎት ሲወጣ ደግሞ ከኋላ ያጀበን ሰው ጌጥ መስሎት ክላክሱን አቀለጠው። አንዷ አክስት በመስኮት ወጥታ እልልታ! ጥግ ይዤ ቆምኩ። ሙሽራዋ የፊቱ ወንበር ታጥፎ፣ ቬሎዋ ተሰብስቦ፣ በሚዜዎች ተስባ ወጣችና አንዱ ልጅ ታክሲ በሚሠራባት ፕሪየስ አዳራሽ ገባች። እኔ ከነአበባው መንገድ ዳር ቀረሁ። ቪዲዮው አለ። የሐበሻ ግሩፕ ሁሉ አይቶታል።

ዲቪ ደርሷችሁ «ስመጣ መጀመሪያ የምገዛው ማስል ካር ነው» የምትሉኝ ልጆች፣ እባካችሁ ኮሮላ ግዙ። ዩቲዩብ ላይ ሰውዬው በ20 ደቂቃ የገጠመው ነገር እናንተ ላይ ወር ይፈጃል። የቤት ኪራይ ደግሞ ቅዳሜያችሁ እስኪያልቅ አይጠብቅም። የግድ ካላችሁም ከኤሲው በፊት ራዲያተሩንና ያንን ፕላስቲክ ግዙ። እኔ ሽፋኑንም ወፈር ያለ ራዲያተርም ገጥሜ አሁን ቀይ መብራት ላይ አሥር ደቂቃ ብቆም ጌጁ ንቅንቅ አይልም።

ዘንድሮ ነሐሴ እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ከአየር ማረፊያ በካማሮዋ ተቀበልኳት። ውጭው 43 ዲግሪ ነው። ኤሲውን ለቀቅ አደረግኩላት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናነበች።

«ልጄ፣ ይሄን ነገር አጥፋልኝ፣ ወገቤን መታኝ።»

አጠፋሁት። ላብ ሲያጠምቀኝ እጄን ወደ መስኮቱ ሰደድኩ።

«ተው፣ ንፋስ ይገባል።»