ጎልፍ 5 ጂቲአይን በአነስተኛ ወጪ ዝቅ ማድረግ፦ እስካሁን የሠራሁት

መኪናዋ የ2006 ቮልስዋገን ጎልፍ 5 ጂቲአይ ናት። 2.0 ሊትር ተርቦ፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል። ከፊት ስትታይ ታምራለች። ከጎን ስትታይ ግን በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ያለው ክፍተት ሁሌም ያናድደኝ ነበር። አሁን አራቱም ሞላ ተቀይሯል፣ አላይመንት ተሠርቷል፣ ወረቀቱም አልቋል። እንደኔ ኪሳችሁን እያያችሁ ለምትሠሩ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ልጻፈው።

የምኖረው ፍራንክፈርት አጠገብ ነው። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ጀርመን ውስጥ መኪና ዝቅ ማድረግ ግማሹ የቁልፍ ሥራ፣ ግማሹ የወረቀት ሥራ ነው። ሌላ አገር ያላችሁ የወረቀቱን ክፍል ዝለሉት። የቀረው የትም ቢሆን ያው ነው።

መጀመሪያ ስለ ገንዘብ። ከዚህ ሁሉ ጣጣ ርካሹ ሞላው ነው። ለዚህች መኪና ከታወቀ አምራች አራት አዲስ ሞላ ከ150 እስከ 250 ዩሮ ባለው ዋጋ ይገኛል። ሰው ይህን አይቶ "በ200 ዩሮ አለቀ" ይላል። የት አለቀ! አላይመንት 100 ዩሮ ገደማ ይፈልጋል። የቲዩፍ (የመኪና ቴክኒክ ተቆጣጣሪው ድርጅት) ፍተሻና የሊብሬ ማስተካከያው ሲደመር ከዚያ ብዙ አይርቅም። አዲስ ቡሎንና ዳዶ አለ። የፊት አሞርዛተር አናት ላይ ያለው ጎሚኒና ኩሽኔታ አለ። የመኪና ማንሻ ሊፍት ኪራይ አለ። ስትደምሩት ሞላው ከጠቅላላው ወጪ ግማሽ እንኳ አይሆንም።

ስለዚህ ጥያቄው የት ላይ ይቆጠባል የሚለው ነው። እኔ የቆጠብኩት በእጅ ዋጋ ብቻ ነው። አንድ ጋራዥ ለሥራው ብቻ የጠራልኝ ዋጋ ከሞላው እጥፍ በላይ ነበር። ተውኩትና ሊፍትና መሣሪያ በሰዓት የሚያከራይ ቦታ ሄጄ ከጓደኛዬ ጋር ራሳችን ሠራነው። እንዲህ ዓይነት ቦታ በብዙ ከተማ አለ፤ ሰዓቱ 20 ዩሮ አካባቢ ነው። በቡሎን፣ በአላይመንትና በወረቀት ላይ ግን ሳንቲም አልሰሰትኩም።

አሞርዛተሩስ? የኔን የቀድሞው ባለቤት ቀይሮት ነበር፣ ደረሰኙም አለ። ዘይት አላላበውም። ለዚህ ነው ሞላ ብቻ ለመቀየር የደፈርኩት። የናንተ ከፋብሪካ የመጣው ከሆነና 100,000 ኪሎ ሜትር ካለፈ፣ ትንሽ ቆዩና አብራችሁ ቀይሩ። ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ከዋናው ይልቅ ጠንካራ ነው። የሚጨመቅበት ርቀት ስለሚያጥርበት ጠንካራ ካልሆነ ከታች ይጋጫል። ጠንካራ ሞላ ደግሞ ሲመለስ በኃይል ነው የሚመለሰው። ያንን የሚያረጋጋው አሞርዛተሩ ነው። ያለቀ ከሆነ መኪናዋ ጎዳና ላይ እንደ ፍየል ትዘላለች። የመፍታትና የመግጠም ሥራው ደግሞ አንድ ነው፤ ሁለት ጊዜ መድከም ለምን?

"ለምን ኮይልኦቨር (ከፍታው የሚስተካከል ሞላና አሞርዛተር በአንድ ላይ) አልገዛህም?" ያላችሁኝም አላችሁ። ጥሩው ውድ ነው። ርካሹን ደግሞ አልወድም። በጀርመን ክረምት ጨው ከተረጨበት መንገድ በኋላ ማስተካከያ ጥርሱ ዝጎ የቀረ ስንት አይቻለሁ። አንዴ ከተገጠመ በኋላ ከፍታውን ለማይነካካ ሰው ሞላ ይበቃል።

ወደ ልኩ ስንመጣ፣ የመረጥኩት 30 ሚሊ ሜትሩን ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጂቲአይ ከፋብሪካ ስትወጣ ከተራው ጎልፍ 15 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብላ ነው። አንዳንዱ ሻጭ የሚጽፈው ቁጥር ከተራው ጎልፍ ተነስቶ ነው። "35" የሚለውን ገዝታችሁ በዓይን የምታዩት 20 ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ከየት ተነስቶ እንደተለካ ጠይቁ።

ታዲያ ለምን 50 ወይም 60 አላደረግኩትም? መኪና ኩርባ ሲገባ ወደ ውጭኛው ጎማ የሚሸጋገረው ክብደት የክብደት ማዕከሉ ከመሬት ባለው ከፍታ ይወሰናል። በእንዲህ ዓይነት መኪና ይህ ከፍታ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። 30 ሚሊ ሜትር ብትቀንሱለት ከመቶ አምስት ስድስት እጅ ታተርፋላችሁ። ያን ያህል ነው፣ ተአምር የለውም። ከዚያ በላይ ሲወርድ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። የፊቱ ሰስፔንሽን ማክፈርሰን የሚባለው፣ ሞላው አሞርዛተሩ ላይ የተቀመጠበት ዓይነት ነው። በጣም ሲወርድ ብራቾው በጎማው በኩል ወደ ላይ ያጋድላል። ያኔ መኪናዋ የምታጋድልበት ማዕከል ከክብደት ማዕከሉ ይበልጥ ይወርዳል፣ በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት ይሰፋል። ርቀቱ ሲሰፋ መኪናዋ ይበልጥ ማጋደል ትፈልጋለች። የሚይዛት የሞላው ድርቅና ብቻ ይሆናል። 60 ሚሊ ሜትር የወረደች መኪና ለፎቶ ታምራለች፤ ለመንዳት ግን ብዙ ጊዜ ከዋናው ትብሳለች።

አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ፎቶውን አይቶ ሳቀብኝ። እሱ ቪትዙን ከፍ ለማድረግ ከፍሏል፣ እኔ ዝቅ ለማድረግ እከፍላለሁ። እሱ የሚነዳበትን መንገድ ስለማውቀው ልከራከረው አልቻልኩም።

አሁን ወረቀቱ። እዚህ አገር ሞላ ስትገዙ ከዋጋው በፊት የምታዩት ታይለጉትአኽተን የሚባለውን ሰነድ ነው። ሞላው ለየትኛው መኪና፣ ለየትኛው ሞተር፣ እስከ ስንት ኪሎ የአክስል ክብደት እንደተፈቀደ ይዘረዝራል። ሊብሬያችሁ ላይ 8.1 እና 8.2 ቁጥር ላይ ያለውን የአክስል ክብደት ከሰነዱ ጋር አስተያዩ። የናንተ ከበለጠ ያ ሞላ ለናንተ አይሆንም። ናፍጣ ሞተር ላላት ጎልፍ የተሠራ ሞላ "ያው ጎልፍ ነው" ብሎ የሚሸጥላችሁ አይጠፋም። ያገለገለ መግዛትም ይቻላል፤ ሞላው ላይ የታተመው ቁጥር ግን መነበብ አለበት። ቀለሙ ተልጦ ቁጥሩ ከጠፋ ተቆጣጣሪው የሚያመሳክረው ነገር አይኖረውም። እኔ በርካሽ ያገኘሁትን ያገለገለ ሞላ የተውኩት በዚህ ነው፤ ሻጩ ሰነድም አልነበረውም። አዲስ ገዛሁ። የሚገርማችሁ፣ ስማቸው በዓለም የሚታወቀው የሞላ አምራቾች አይባኽና ኤች ኤንድ አር ሁለቱም ያሉት ዛወርላንድ በሚባለው የጀርመን አካባቢ ውስጥ በሁለት ጎረቤት ከተሞች ነው፤ አንዱ ፊነንትሮፕ፣ ሌላው ሌነሽታት።

ሞላ በግራይንደር ስለመቁረጥ የጠየቃችሁኝ፦ አይሆንም። የሞላው ጫፍ ከመቀመጫው ጋር እንዲገጥም ተብሎ ነው የተሠራው። ከተቆረጠ አይገጥምም። ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል ሞላው ይላላና ከቦታው ሊወጣ ይችላል። እዚህ አገር ደግሞ የመኪናዋ የመንገድ ፈቃድ እዚያው ይቃጠላል።

ወደ ሥራው። ከፊት ነው የጀመርነው። ጎልፍ 5 ላይ የአሞርዛተሩ የላይኛው ሦስት ቡሎኖች ከመስታወቱ ሥር ባለው ፕላስቲክ ተሸፍነዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የዝናብ መጥረጊያው ክንድ፣ ከዚያ ፕላስቲኩ ይነሳል። መጥረጊያው ዝጎ ይጣበቃል፤ በካቻቢቴ አትታገሉት፣ ትንሽ ማውጫ መሣሪያ አለው። እግረ መንገዳችሁን ከሥሩ የተከማቸውን ቅጠል ጥረጉ።

ከታች አሞርዛተሩ የጎማ ተሸካሚው ውስጥ ተሰክቶ በአንድ ቡሎን ይጠበቃል። ቡሎኑ ከወጣ በኋላ ስንጥቁ ውስጥ የሚገባ መክፈቻ አለ፤ አስገብታችሁ 90 ዲግሪ ስታዞሩት ክፍተቱ ይሰፋል። ያለ እሱ መዶሻ ይዞ መከራ ማየት ነው። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ከዋዜማው ዝገት መፍቻ ዘይት ነፍታችሁ ብታድሩ ደግሞ ይቀላል። የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ ሽቦውን ከመያዣቸው አስቀድማችሁ አላቅቁ፤ ተሸካሚው ሲወርድ መወጠር የለባቸውም። ተሸካሚውን ለማውረድ እኛ የብራቾውን ጫፍ የያዙትን ሦስት ዳዶዎች ፈታን።

የሞላ መጭመቂያው ጋ ቀልድ የለም። የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። የተከራየነው ቦታ ግድግዳ ላይ የተገጠመ ጠንካራ መጭመቂያ ስለነበረው በእሱ ሠራን። በእጅ የሚሠራው ዓይነት ካላችሁ ሁለቱን መንጠቆ ፊት ለፊት አድርጋችሁ፣ ተራ በተራ በእጃችሁ እያጠበቃችሁ ሂዱ። በኤሌክትሪክ የቡሎን መፍቻ በፍጹም። አዲሱ ሞላ አጭር ስለሆነ ሲገጠም ብዙ መጭመቅ አይፈልግም፤ ትግሉ አሮጌውን ማውጣት ላይ ነው። የላይኛውን ጎሚኒና ኩሽኔታ እዚሁ ቀየርን። የአናቱ ዳዶ የማጥበቂያ ልኩ 60 ኒውተን ሜትር ነው። የላይኞቹ ሦስት ቡሎኖች 15 ከተጨማሪ 90 ዲግሪ ዙር ጋር፣ የታችኛው 70 ከተጨማሪ 90 ዲግሪ ጋር። "ከተጨማሪ ዲግሪ ጋር" የሚባሉት ቡሎኖች ሲጠብቁ የሚለጠጡ ናቸው፤ አንዴ ከተፈቱ ይጣላሉ። አዲስ ቡሎን ላይ አልሰሰትኩም ያልኩት ለዚህ ነው።

ኋላው ቀላል ነው። ጎልፍ 5 ኋላው ላይ ሞላውና አሞርዛተሩ ተለያይተው ነው የተቀመጡት። የታችኛውን ክንድ በክሪክ ደግፎ፣ የውጭ በኩሉን ቡሎን ፈትቶ፣ ቀስ ብሎ ማውረድ ነው። የውስጥ በኩሉ ቡሎን የአላይመንት ማስተካከያ ስለሆነ አትንኩት። ሞላው ሲገባ ጫፉ የጎሚኒው ማቆሚያ ላይ በትክክል ማረፉን በእጃችሁ ዳስሱ።

ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ነገር አለ። የክንዶቹ ጎሚኒዎች ላስቲካቸው ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ነው፤ አይሽከረከሩም፣ ይጠመዘዛሉ እንጂ። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑን ካጠበቃችሁት መኪናዋ መሬት ስትወርድ ጎሚኒው ለሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ ቶሎ ይቀደዳል፣ ከፍታዋም ትክክል አይሆንም። እኛ ክንዱን በክሪክ አንስተን፣ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ርቀት መኪናዋ መሬት ላይ ስትቆም የሚኖራትን ያህል ሲሆን ነው የመጨረሻውን ያጠበቅነው። የጎማ ቡሎን 120 ኒውተን ሜትር።

ከትንሽ መንዳት በኋላ ሞላው ረጋ። የፊቱ 25 ሚሊ ሜትር አካባቢ ወርዷል፣ የኋላው ከዚያ ትንሽ ያንሳል። ከዚያ ነው አላይመንት ያሠራሁት፤ ቀድሞ ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው። ከፋብሪካው ልክ ወጥቶ ስለነበር መሪው ራሱ ሳይቀር ጠሞ ነበር።

ተቆጣጣሪው ጋ የሚታየው ይህ ነው፦ የሞላው ቁጥር ከሰነዱ ጋር መመሳሰሉ፣ መኪናዋ ስትነሳ ሞላው አለመላላቱ፣ ጎማው መሪው እስከ ጥግ ሲዞር የትም አለመንካቱ። የፊት መብራቱ የታች ጠርዝም ከመሬት ከ500 ሚሊ ሜትር በታች መሆን የለበትም። ከዚያ ከተማው መዝጋቢ ቢሮ ሄጄ ሊብሬው ላይ ቁጥር 22 ሥር ተጻፈ። ኢንሹራንሱም እንዲያውቅ አድርጌያለሁ።

አነዳዷ እንዴት ሆነ? ኩርባ ላይ አፍንጫዋ ቶሎ ትገባለች፣ ማጋደሏም ቀንሷል። አውቶባን ላይ ረጋ ብላለች። የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ ግን ትቆረቁራለች፤ ባለቤቴ "ይህን ነው ከፍለህ ያመጣኸው?" ብላኛለች። የምድር ቤት ፓርኪንግ መግቢያ ላይ ደግሞ አሁን በሰያፍ ነው የምወርደው።

የኔ ቸርኬ 17 ኢንች፣ ጎማው 225/45 ነው፤ አራት ሰው ጭኜም የትም አልነካም። ቀጥሎ ወደ 18 ኢንች ለመሄድ እያሰብኩ ነው። በ18ቱ ላይ ይህን ያህል የወረደ ሞላ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ከኋላ ሰው ሞልቶ ጉድጓድ ስትገቡ ፓራፋንጎው ይነካ እንደሆነ ንገሩኝ፤ የቸርኬውን ስፋትና ኢቲ ቁጥር (ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚገባ የሚያሳየውን) አብራችሁ ጻፉልኝ።