ጨለማ ክፍሎቹን ፍለጋ ላውሪ

ከአዲስ አበባ እስከ ዴንቨር ያለው መንገድ ወረፋና እንቅልፍ ብቻ ስለነበር አልተርከውም። ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ የሚገኘው የእህቴ ቤት በእንግዳ ተሞልቶ ስለነበር በአቅራቢያው ርካሽ ማረፊያ ያዝሁ፤ ማሞቂያው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ አድሮ ዓይኔን ሳልከድን ነጋ። በዚያ ላይ ጠዋት ወደ ላውሪ፣ ወደ ቀድሞው የአየር ኃይል ጦር ሰፈር፣ ለመሄድ የጠራሁት መኪና እህቴ በአውቶቡስ ከ3 ዶላር ባነሰ የምትሄድበትን መንገድ 28 ዶላር አስከፈለኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ከመግባቴ በፊት እከራከር ነበር፤ እዚህ ዋጋውን የሚቆርጠው ስልክ ስለሆነ የሚለምኑት ሰው እንኳ የለም።

ላውሪን ማየት የፈለግሁት በወጣትነቴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም አጥብ ስለነበር ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የአሜሪካ ምድር ጦር የአየር ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎቹን ያሠለጥንበት የነበረው ትምህርት ቤት በመጀመሪያ ቨርጂኒያ፣ ላንግሌይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ ኢሊኖይ፣ ቻኑት ተዛወረ፤ በ1938 ደግሞ ቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማገገሚያ ወደነበረው ወደዚህ ግቢ መጣ። ስሙን ያገኘውም በ1918 ፈረንሳይ ውስጥ ፎቶግራፍ ለማንሳት ሲበር ተመትቶ ከሞተው የዴንቨር ልጅ፣ ከፍራንሲስ ላውሪ ነው።

ጦር ሰፈሩ በ1994 ስለተዘጋ ዛሬ አብዛኛው መኖሪያ ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል ብዞር ያየሁት የተከረከመ ሣር ብቻ ነበር። ተናድጄ ሙዚየም ወደሆነው አሮጌ የአውሮፕላን መጠለያ (ሃንጋር) ገባሁ። እዚያ ያገኘኋቸው በጎ ፈቃደኛ አዛውንት (በልቤ አባባ እላቸው ጀመር) የመጣሁበትን ጉዳይ ስነግራቸው ሁለት በራሪ ወረቀቶች አንሥተው አንዱን በሌላው ላይ ከግማሽ በላይ አነባበሩት። ሠልጣኙ እያንዳንዱን ፎቶ ካለፈው ጋር 60 በመቶ ያህል እያደራረበ ማንሳት ነበረበት፤ ያለዚያ ሁለቱ ምስሎች ለእያንዳንዱ ዓይን አንድ ፎቶ በሚያሳየው መነጽር፣ በስቴሪዮስኮፕ፣ ሲታዩ ኮረብታው ከወረቀቱ ብድግ ብሎ አይታይም። ነፋስ አውሮፕላኑን ወደ ጎን ሲገፋው፣ ካሜራውን በማቀፊያው ላይ አዙሮ ከበረራው መስመር ጋር ማስተካከልም የእርሱ ሥራ ነው። ከወረደ በኋላ ማጠቡ፣ ማድረቁ፣ ማተሙ፣ ህትመቶቹን ቆራርጦ እንደ አንድ ካርታ መለጠፉ ይጠብቀዋል። ሰዎች አብራሪውን ብቻ ማወደሳቸው ሁልጊዜ ያበሽቀኛል።

የአሜሪካ ጦር የአየር ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው ጆርጅ ጎዳርድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1925 ኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው ሮቼስተር ከተማ ላይ በብልጭታ ዱቄት የተሞላ ቦምብ ጥሎ በሌሊት ፎቶ ማንሳቱንም አወሩኝ። እኔ በሠርግ ላይ ፍላሽ እምቢ ሲለኝ ሙሽሮቹን ቀና ብዬ ማየት ያሳፍረኛል፤ እርሱ ግን ከተማ ሙሉ ቀስቅሶ ነው የሞከረው።

እኔም በተራዬ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ድረስ ጣሊያኖች አገራችንን ከአየር ያነሷቸው ፎቶግራፎች አዲስ አበባ መገኘታቸውን ነገርኳቸው፦ ከ8,000 በላይ ሰሌዳዎች፣ በእያንዳንዱም ላይ አንድ በቀጥታ ወደታች፣ ሦስት ደግሞ አጋድሎ የተነሡ ፎቶዎች። አዛውንቱ ወረቀቶቹን ወደ ቦታቸው እየመለሱ፣ «ያጠባቸውስ ማን ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። የፎቶ ቤት ሰው ሆኜ ይህን አንድም ቀን አለማሰቤ ደነቀኝ።

ስመለስ አውቶቡስ ያዝሁ።