አምስት ባል ያገባችውን ሴትዮ እንዴት አነበብኳት

እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጻፋቸው፣ ተሳላሚዎች በየተራ ተረት በሚያወሩባቸው የካንተርበሪ ተረቶች ውስጥ ብዙ ሰው የማይረሳት አሊሰንን ነው፤ የባዝ ከተማዋን ሴትዮ። አምስት ባል አግብታለች። ስድስተኛውም ቢመጣ ደስ ይላታል። የሳምራዊቷን ሴት አምስት ባሎች እያነሳ ለሚነቅፋት ሰሎሞንን ትጠቅስበታለች። የማስተርስ ጽሑፌ በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ስለ ሴቶች ነፃነትና ጋብቻ ስለነበር እሷን ማለፍ አይታሰብም።

ስለሷ ያልተባለ ነገር የለም። አንዱ ጀግና ያደርጋታል፤ ሌላው ወንዶች እንዲስቁባት የተፈጠረች ናት ይላል። እኔ ይህን ጭቅጭቅ ትቼ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ገባሁ፦ ንብረቱ የማን ነው? መሬት፣ ገንዘብ፣ ዕዳ በተነሳ ቁጥር በእርሳስ አሰመርኩ። ቋንቋው ከዛሬው እንግሊዝኛ ስለሚርቅ፣ በአንድ በኩል የድሮው በሌላ በኩል የዛሬው ያለበትን እትም ያዝኩ። ጮክ ብለው ሲያነቡት ደግሞ የድሮውም ቀስ በቀስ ይገባል።

ብዙ የተሰመረበት መቅድሟ ነው፤ ተረቷን ከመጀመሯ በፊት ስለ ራሷ የምታወራበት። መጀመሪያ ያገባችው በ12 ዓመቷ ነው። ሽማግሌና ሀብታም የነበሩት ሦስቱ ባሎች መሬታቸውንም ገንዘባቸውንም ሰጥተዋታል። «የሣጥንህን ቁልፍ ለምን ትደብቅብኛለህ? ንብረቱ ያንተ እንደሆነ ሁሉ የእኔም ነው» ብላ ስትጮህ እናገኛታለን። አምስተኛውን፣ ጃንኪንን ግን በፍቅር አገባችው። እሱ 20፣ እሷ 40። ያላትን ሁሉ አስረከበችውና ተጸጸተች። ስለ ክፉ ሚስቶች የሚያወራ መጽሐፍ ሌት ተቀን ሲያነብባት ሦስት ገጽ ቀደደችበት፤ እሱም መትቶ አንድ ጆሮዋን አደነቆራት። እርቁ ምን ላይ አለቀ? የቤቱና የመሬቱ ሥልጣን ለሷ ተመለሰ፣ መጽሐፉም ተቃጠለ።

እዚህ ላይ ሕጉን ማየት ግድ ሆነ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የልማድ ሕግ ያገባች ሴት ተንቀሳቃሽ ንብረት የባሏ ይሆን ነበር፤ መሬቷንም የሚያስተዳድረው እሱ ነበር። ባል ሲሞት ነገሩ ይገለበጥ ነበር። ሚስት አብዛኛውን ጊዜ የመሬቱን ሲሶ ዕድሜ ልኳን ትይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1215 የወጣው ማግና ካርታ የተባለው የእንግሊዝ ንጉሥ የመብት ቻርተርም ባሏ የሞተባትን ሴት ሳትፈልግ ማጋባትን ከለከለ። (ጌታዋን ሳታስፈቅድ ላለማግባት ዋስ ትጥራ ማለቱን ግን አልረሳም።) ስለዚህ አሊሰን ባል በቀበረች ቁጥር ጉልበቷ መጨመሩ የቾሰር ቀልድ ብቻ አይደለም።

የሕይወት ታሪኳን ያስጻፈችው፣ በእውን የኖረችው ማርጀሪ ኬምፕ ግን ባሏ በሕይወት እያለ ነው የተደራደረችው። የሊን ከተማ ከንቲባ ልጅ ናት፤ 14 ልጆች ወልዳለች፤ ቢራ ጠምቃ ከስራለች። በ1413 በሰኔ ወር፣ አንድ ሞቃት ዓርብ፣ እሷ ቢራ እሱ ኬክ ይዘው ከዮርክ በኩል ሲመጡ መንገድ ላይ ክርክር ገጠሙ። እሷ ከመኝታው ነፃ መሆን ፈለገች። እሱ ደግሞ ኢየሩሳሌም ከመሄዷ በፊት ዕዳውን እንድትከፍልለትና የዓርብ ጾሟን ትታ አብራው እንድትበላ። ተስማሙ! ነፃነቷን በገንዘብ ገዛች ማለት ነው። ከሁሉም ጽሑፎች የወደድኩት ይህን ቦታ ነው፤ እንዲህ ያለ ሐቀኛ የባልና ሚስት ንግግር ብዙ አላየሁም።

ገንዘብም መሬትም በእጇ የሌላትስ? ለዚህ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የኖረውን ባለርስት የፓስተን ቤተሰብ ደብዳቤዎች አነበብኩ። ማርጀሪ ፓስተን የቤተሰቧን ርስት ከሚያስተዳድረው ሪቻርድ ኮል ጋር በድብቅ ቃል ተጋባች። በ1469 የኖርዊች ጳጳስ ምን ቃል እንደተለዋወጡ መረመራት። «ያልኩት ቃል ጋብቻውን ካላጸናው ከዚህ ሳልወጣ አጸናዋለሁ» አለች። በቤተ ክርስቲያን ሕግ የሁለቱ ፈቃድ በቂ ስለነበር ጋብቻው ጸና፤ እናቷ ግን በሯን ዘጋችባት።

ጥያቄዬ ያልሠራልኝ አሊሰን ራሷ በተረከችው ተረት ላይ ነው። ልጃገረድ የደፈረ ባላባት፣ ሴቶች ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ምን እንደሆነ እንዲያውቅ ይላካል። አንዲት አሮጊት መልሱን ነገረችው፤ ሥልጣን ነው። ዋጋዋ ግን አግባኝ ነው። «ሀብቴን ሁሉ ውሰጂ፣ አካሌን ተዪኝ» ብሎ ቢለምናት አሻፈረኝ አለች። ሥልጣኑን ሲሰጣት ቆንጆ ወጣት ሆነችለት፣ በሁሉም ትታዘዘው ጀመር። የተደፈረችው ልጅ ስሟም አይታወቅ፣ ካሣም አላገኘች፣ ዳግመኛም አልተነሳች። አማካሪዬ ይህ የተረት ወግ ነው ብሎ ሊያሳምነኝ ሞከረ። አልተዋጠልኝም፤ ጽሑፌ ውስጥም እንዳለ ተከራክሬበታለሁ።